ብሬስ ያደረገ ልጅ ሲታመም ምን ይብላ?

የጤና አምድ
አዘጋጅ፦ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ ከ7ኛ ክፍል

ዛሬ በጤና አምዳችን ስለ ብሬስ፣ ማለትም ጥርስ ላይ ስለሚታሰረው ሽቦ ይዤላችሁ ቀርቤአለሁ። በተለይ ብሬስ ያደረገ ልጅ ጉንፋን፣ ቶንሲል ወይም የሆድ ሕመም ሲይዘው እንዴት አድርጎ ሳይሰቃይ መብላት እንደሚችል እናያለን።

“እኔ ብሬስ የለኝም፣ ምን አገባኝ?” ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። ጥርሱ የሚነቃነቅ፣ ጥርሱን ያስነቀለ፣ አፉ የቆሰለ፣ ጉሮሮው ያበጠ ሁሉ ከዚህ ጽሑፍ የሚጠቀምበት አያጣም። በየቤታችሁም ትንንሽ እህትና ወንድም አላችሁ።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ

ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ባለፈው ወር አንድ ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል አንዲት ተማሪ ወድቃ ነበር። ያቺ ተማሪ እኔ ነኝ። “ቁርስ ሳትበላ መጥታ ነው” ያላችሁ ልክ ናችሁ። ግን ያልበላሁት ቁርስ ብቻ አልነበረም። ከዓርብ ማታ ጀምሮ ከውሃና ከሻይ በስተቀር ምንም አልቀመስኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐሙስ ዕለት የጥርስ ሐኪሟ ዘንድ ሄጄ ሽቦው ተጠበቀልኝ። ዓርብ ጥርሴ ሁሉ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ቅዳሜ ሲነጋ ደግሞ ቶንሲሌ አብጦ ትኩሳት ያዘኝ። ከላይ ጥርስ፣ ከታች ጉሮሮ! እማዬ ምግብ ስታቀርብልኝ “በኋላ እበላለሁ” እላታለሁ፤ ዞር ስትል ለወንድሜ አቀብለዋለሁ። ጤና ጣቢያ ወስዳኝ መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ እሱንም በባዶ ሆዴ ስውጠው ሆዴን ያቃጥለኛል። ሰኞ ፈተና ስለነበረን “ተሽሎኛል” ብዬ ዋሽቼ መጣሁ። የቀረውን አይታችኋል።

አንድ ሌላ ነገርም ልናገር። ከመታመሜ በፊትም ምሳዬን በደንብ አልበላም ነበር። አንድ ቀን ጎመን ሽቦዬ ላይ ተጠምጥሞ ክፍል ውስጥ ተሳቀብኝ። ከዚያ በኋላ ምሳ ዕቃዬን እንደተዘጋ ወደ ቤት መመለስ ለመድኩ። እማዬም አታውቅም ነበር። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” ይባል የለ? እኔ የደበቅኩት አለመብላቴን ነበር፤ መድኃኒቱ ግን እዚያው ወጥ ቤታችን ውስጥ ነበር።

ከወደቅኩ በኋላ የጥርስ ሐኪሟና የጤና ጣቢያዋ ነርስ የነገሩኝን፣ የሳይንስ መምህራችን ያስረዱኝን፣ እማዬና አያቴ ያሳዩኝን አንድ ላይ ሰብስቤ እነሆ ጻፍኩላችሁ።

ብሬስ ምንድን ነው? ለምንስ ያማል?

ብሬስ ብዙውን ጊዜ ሦስት ነገሮች አሉት። አንደኛው በየጥርሱ ላይ በማጣበቂያ የሚለጠፉት ትንንሽ ብረቶች ናቸው። ሁለተኛው በእነሱ ውስጥ የሚያልፈው ቀጭን ሽቦ ነው። ሦስተኛው ሽቦውን ከብረቶቹ ጋር የሚያስሩት ትንንሽ ላስቲኮች ናቸው። እነዚያ ሰማያዊና ሮዝ ሆነው የምታዩአቸው ማለት ነው።

ሽቦው ጥርሱን በቀስታ፣ ግን ሳያቋርጥ ይገፋል። ጥርስ የተተከለው አጥንት ውስጥ ሆኖ ሳለ እንዴት ይንቀሳቀሳል? ጥርሱ በሚገፋበት በኩል ያለው አጥንት ቀስ እያለ ይሟሟል፤ ጥርሱ በለቀቀው በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት ይሠራል። ጥርሱ የሚሄደው በወር 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው። ለዚህም ነው ሕክምናው ብዙ ጊዜ ከ1 ዓመት እስከ 2 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚፈጀው።

ጥርስን ከአጥንት ጋር የሚያያይዝ ስስ ጅማት አለ። ሐኪሟ በየ4 እስከ 8 ሳምንቱ ሽቦውን ስታስተካክል ያ ጅማት ይቆጣል። ያኔ እንኳን ቆሎ ዳቦም ድንጋይ ይመስላል። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ቀን ቆይቶ ይለቃል። ስለዚህ ያማል ማለት የሆነ ነገር ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ስንታመም ለምን ይብሳል?

አንደኛ፣ ጉንፋን አፍንጫችንን ሲዘጋው በአፋችን እንተነፍሳለን፤ አፋችንም ይደርቃል። ምራቅ ጉንጫችንን ከብረቱ የሚያለሰልስ፣ ጥርሳችንንም ከመበስበስ የሚጠብቅ ነው። ምራቅ ሲያንስ ከንፈራችን ከብረቱ ጋር ይጣበቃል፣ ይላጣል፣ ይቆስላል።

ሁለተኛ፣ ጉሮሮ ሲያብጥ መዋጥ ያማል። ማኘክም መዋጥም ካመመ ደግሞ ሰው ምግብ ሲያይ መሸሽ ይጀምራል።

ሦስተኛ፣ ሰውነታችን በሽታን የሚዋጋው በጉልበት ነው። ትኩሳት ውሃ ይጨርሳል። ጉልበትም ውሃም በምንፈልግበት ሰዓት አፋችንን ከዘጋን እንደ እኔ መሬት ላይ መገኘት ይመጣል።

ምን እንብላ?

ደንቡ አጭር ነው፦ ለስላሳ፣ ለብ ያለ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። በቀን ሦስት ጊዜ ሙሉ ሳህን ከመታገል በየ2 ሰዓቱ ጥቂት ማንኪያ መውሰድ ይቀላል።

አጥሚት፦ የታመመ ሰው ወዳጅ ነው። ለአንድ ሰው 2 የሾርባ ማንኪያ የአጃ ዱቄት በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ መጀመሪያ ይበጠበጣል፤ በሙቅ ውሃ ከሆነ ይጓጉላል። ከዚያ 2 ብርጭቆ ውሃ ተጨምሮ እያማሰሉ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ማብሰል ነው። ወተት፣ ትንሽ ቅቤ ወይም ማር ይጨመርበታል። ለብ ሲል ይጠጣል። እሳቱ ላይ ትልቅ ሰው ይኑር።

ገንፎና ቡላ፦ ማኘክ አይፈልጉም። ነገር ግን ለጊዜው በርበሬው ይቅር፤ በቅቤ ብቻ ወይም በእርጎ ይበላ። አፍ ቆስሎ በርበሬ መንካት ምን እንደሚመስል የቀመሰ ያውቀዋል።

ፍትፍት፦ እንጀራ በአልጫ ሽሮ ወይም በሾርባ ርሶ እስኪለሰልስ ትንሽ ይቆይ። ፍርፍርም ይሆናል፤ ደረቅ እንዳይሆን እንጂ። በነገራችን ላይ እርድ የገባበት አልጫ ነጭ ላስቲኮችን ቢጫ ያደርጋቸዋል። አትደንግጡ፣ ጉዳት የለውም፤ ላስቲኩ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይቀየራል።

ሌሎችም አሉ፦ በደንብ የበሰለ ምስር፣ ተቀቅሎ የተደፈጠጠ ድንች፣ ለስላሳ የእንቁላል ፍርፍር፣ የዶሮ ሾርባ፣ ለስልሶ የበሰለ ሩዝ፣ ሙዝ፣ ፓፓያና አቮካዶ። የጁስ መፍጫ የሌለን አቮካዶውን በሹካ ደፍጥጠን በማንኪያ መብላት እንችላለን። እኔ እንዲያውም እሱ ይጣፍጠኛል።

ቤተሰቡ ጾም ላይ ከሆነና ወተትና እንቁላል ከሌለ አጥሚቱን በውሃ፣ ሽሮውን በዘይት መሥራት ነው። የተልባ መጠጥ፣ በማር የተበጠበጠ በሶ፣ ድንችና አቮካዶም አሉ። ምግብ የለም ማለት አይቻልም።

አሁን ቤታችን ውስጥ ክርክር ስላስነሳው ነገር ልንገራችሁ። አያቴ “ቶንሲል የያዘው ሰው ቀዝቃዛ አይነካም!” ይላሉ። ነርሷን ስንጠይቃቸው ግን ቀዝቃዛ ነገር ያበጠ ጉሮሮን እንደማያብሰው፣ እንዲያውም ሕመሙን ለጥቂት ጊዜ እንደሚያደነዝዘው ነገሩን። ለተጠበቀ ጥርስም እንዲሁ ነው። ቀዝቀዝ ያለ እርጎ በማንኪያ ስወስድ ጥርሴም ጉሮሮዬም አረፉ። አያቴ አሁንም አላመኑም፤ ግን እርጎውን ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። ቀዝቃዛ የማይስማማው ልጅ ለብ ያለውን ይውሰድ፤ ዋናው መውሰዱ ነው።

ማር በሻይ ማንኪያ ሳልን ያስታግሳል። ነገር ግን 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በፍጹም አይሰጥም፤ ለሕፃናት አደገኛ ነው። ታናናሾች ያላችሁ ይህን አስታውሱ። ሎሚና ብርቱካን ደግሞ ጤናማ ቢሆኑም የቆሰለ አፍን ይለበልባሉ፤ ቁስሉ እስኪድን ይቆዩ።

የሚያስመልሰን ወይም የሚያስቀምጠን ከሆነስ?

እዚህ ላይ ከምግብ በፊት ውሃ ይቀድማል። ከጤና ጣቢያ ወይም ከፋርማሲ የሚገኘው ኦ.አር.ኤስ 1 ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። ውሃውን መቀነስም ሆነ ስኳር መጨመር አይፈቀድም። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል። ካስመለሰን 10 ደቂቃ ያህል ቆይተን በማንኪያ ቀስ እያልን እንደገና እንጀምራለን።

ካስመለሰን በኋላ ወዲያው ጥርስ መቦረሽ ጥሩ አይደለም። ከሆድ የመጣው አሲድ የጥርስን ሽፋን ለጊዜው ስለሚያለሰልሰው ብሩሹ ይፍቀዋል። በውሃ ተጉመጥምጦ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ መቦረሽ ነው። ይህን ነገር እኔም አላውቅም ነበር።

እንዴት እንብላ?

1. ምግቡን በትንንሹ መቁረጥ። በፊት ጥርስ መግመጥ ቀርቶ በኋላ ጥርሶች ቀስ ብሎ ማኘክ። ሁለቱም ካመሙ ማኘክ የማይፈልገውን መምረጥ።

2. ትንሿን የሻይ ማንኪያ መጠቀም። የብረት ማንኪያ ከብረቱ ጋር ሲጋጭ ጥርስን ያነዝራል፤ የፕላስቲክ ወይም የእንጨት ካለ ይሻላል።

3. የሕመም ማስታገሻ ካስፈለገ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል በፊት መውሰድ። መጠኑን የሚወስነው ባለሙያ፣ የሚሰጠንም ትልቅ ሰው ነው። አስፕሪን ለልጆች አይሆንም።

4. ጉርሻን መጠንቀቅ! የታመመ ሰው ቤት እንግዳ ይበዛል፣ እንግዳ ሁሉ ደግሞ ማጉረስ ይወዳል። አክስቴ “ልጄ ከሳሽ እኮ፣ በሞቴ!” ብላ ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ስታመጣልኝ እምባዬ መጣ። ጉርሻ ፍቅር ነው፣ እምቢ ማለት ይከብዳል። ግን “አክስቴ፣ አፌን አሞኛል፣ ትንሽ አድርጊልኝ” ማለት ነውር አይደለም። ሞክሬዋለሁ፤ ሳቀችና ጣት የምታህል አጎረሰችኝ።

ለጊዜው ምን እንተው?

ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ለውዝ፣ የበቆሎ ጥብስ፣ ሸንኮራ አገዳ፣ ቋንጣ፣ ደረቅ ዳቦ፣ ጥሬ ካሮት፣ ማስቲካና ከረሜላ። አብዛኞቹ ስንታመም ብቻ ሳይሆን ብሬሱ እስኪወልቅ ድረስ የተከለከሉ ናቸው፤ የተለጠፈውን ብረት ያላቅቃሉ ወይም ሽቦውን ያጣምማሉ። ብረት በተላቀቀ ቁጥር ሕክምናው ይረዝማል፣ የቤተሰብ ገንዘብም ይወጣል። የጉሮሮ ከረሜላ ከታዘዘልን መጥባት እንጂ መቆርጠም የለም። ዳቦ የሚወድ በሻይ ነክሮ ይብላ።

አፋችንን እንዴት እንጠብቅ?

ታመን ስንተኛ መጀመሪያ የምንረሳው ጥርስ መቦረሽ ነው። ሽቦ ሥር የቀረ ምግብ ግን የታመምን መሆናችንን አያውቅልንም። በተለይ የልጆች ሽሮፕ ብዙ ጊዜ ስኳር ስላለው ከጠጣን በኋላ በውሃ መጉመጥመጥ ያስፈልጋል። አቅም ካጣን ቢያንስ ማታ ከመተኛታችን በፊት ለስላሳ ብሩሽ ይዘን ከሽቦው በላይና በታች እንቦርሽ። ለሌላው ጊዜ መጉመጥመጥ ያግዛል።

አፍ ከቆሰለ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ አሟሙቶ መጉመጥመጥና መትፋት ነው። ጉንጭን የሚወጋ ሽቦ ካለ ደግሞ የጥርስ ሐኪም የሚሰጠው ሰም አለ። ብረቱን በንጹሕ ጨርቅ ወይም ሶፍት አድርቆ፣ ከሰሙ ምስር የምታህል በጣት አድቦልቡሎ መለጠፍ። ስንበላ እናወጣዋለን፤ ሳናውቅ ብንውጠውም አይጎዳም። ሽቦውን በመቀስ ወይም በጥፍር መቁረጫ ለመቁረጥ መሞከር ግን የለም! የተላቀቀ ብረት ካለ ይዞ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

መቼ ነው ወደ ሐኪም የምንሮጠው?

መጠጣት ካቃተን ወይም የጠጣነው ሁሉ ከተመለሰ፣ ምራቃችንን እንኳ መዋጥ ካልቻልን፣ መተንፈስ ከከበደን፣ ሽንታችን ከጠፋ ወይም በጣም ከጠቆረ፣ ትኩሳቱ ከ3 ቀን ካለፈ፣ ድዳችን ወይም ፊታችን ካበጠ “ነገ ይሻለኛል” ማለት የለም።

ቶንሲልንም አትናቁት። በባክቴሪያ የሚመጣው የጉሮሮ ሕመም በትክክል ካልታከመ በኋላ ልብን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ያዘዘው አንቲባዮቲክ፣ ቢሻለንም እስከ መጨረሻው ይወሰዳል። “እንጥሉን አስቆርጡት” የሚል ምክር ከመጣም አትስሙ፤ ደም ሊፈስና ሌላ በሽታ ሊያስይዝ የሚችል ጎጂ ልማድ ነው።

ለክፍል ጓደኞች

ብሬስ ያለውን ልጅ “ሽቦ አጥር”፣ “ቆርቆሮ” የምትሉ አላችሁ። ለቀልድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እኔም ሌሎችን አሹፌ አውቃለሁ። ነገር ግን ለቀልድ የተጣለች ቃል የሰው ምሳ ዕቃ እንደተዘጋ እንዲቀር ታደርጋለች። ሽቦው ላይ ምግብ ካያችሁ ጠጋ ብላችሁ በጆሮ መንገር ይበቃል። ውሃ ወዳለበት አብራችሁት ብትሄዱ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው።

መምህሮቻችን ደግሞ፣ ከበሽታ የተመለሰ ተማሪ ውሃ ለመጠጣት ወይም በትንሽ ፔርሙዝ ያመጣውን ለመቅመስ ሲጠይቅ ብትፈቅዱልን በጣም እናመሰግናለን።

እኔ ወደ ትምህርት ቤት ስመለስ እማዬ አጥሚት በፔርሙዝ ሰጠችኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ስከፍተው ከኋላ አንዱ “እንዴ፣ የአራስ ምግብ! እንኳን ማርያም ማረችሽ!” አለና ሁሉም ሳቀ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቄ መጣ። ፔርሙዙን ልዘጋው እጄ ሄዶ ነበር፤ ግን አልዘጋሁትም። ጓደኛዬ ኩባያዋን አምጥታ “ለእኔም ቅጂልኝ” አለች። በማግስቱ ኩባያ ይዞ የመጣው ያ የሳቀው ልጅ ነበር። አሁን እማዬ “ይህ አጥሚት በአንድ ቀን የሚያልቀው ለስንት ሰው ነው?” ትለኛለች።

ለማስታወስ ያህል፦ ለስላሳ፣ ለብ ያለ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። ውሃ አይቋረጥ። ሲያመን ለቤተሰብ እንናገር፤ አለመብላታችንንም አንደብቅ።